ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ሰውዬ

የእትዬ ጥሩወርቅን ሞት የሰማሁት ሞጣ መናኸሪያ ቆሜ ነው። አንድ የማውቀው የቢቸና ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «እትዬ ጥሩ አረፉ'ኮ፤ ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ። ነፍስ ይማር ማለት ሲገባኝ ከአፌ የወጣው «ማን አለቀሰላቸው?» የሚል ጥያቄ ነው። ሾፌሩ ግን አልገረመውም።

«ሕዝቡ እንዳለ አለቀሰ። አልቃሽ ግን አልነበረም። በእሳቸው ለቅሶ ላይ ማን ደፍሮ አፉን ይከፍታል?» አለና ሞተሩን አስነሳ።

እውነቱን ነው። በቢቸናና በዙሪያዋ ሰው ሲሞት ሙሾ ያወርዱ የነበሩት እሳቸው ናቸው። የቴሌቪዥን ተመልካች ደግሞ የሚያውቃቸው በሳቅ ነው፤ በዚያ ሰሞን ፎቶአቸውን እየለጠፈ «ያሳቁን እናት» ሲላቸው ሰነበተ። እኔ በሁለቱም በኩል አይቻቸዋለሁ። ስለ እሳቸው ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተነስቼ ትቼዋለሁ፤ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ፈርቼ። ሥራዬ ቀልድ መጻፍ ነው። ዛር፣ መንፈስ፣ ጋኔን የሚባለውን እንደ ማንኛውም የተማረ ሰው ቀን ቀን አላምንበትም።

ያን ዓመት ጣቢያችን የቅዳሜ ምሽቱን ጭውውት ከስቱዲዮ አውጥቶ ወደ ምሥራቅ ጎጃም አመጣው። አንዱን ቅዳሜ ከቢቸና አዳራሽ፣ ቀጣዩን ከሞጣ፣ ምዕራፉ እስኪያልቅ በቀጥታ ስርጭት። ቀጥታ ስርጭት ማለት «ተሳሳትኩ፣ ልድገመው» የሌለበት ሥራ ነው። አዘጋጁ ሄኖክ የሚባል ከባሕር ዳር የመጣ ፈጣን ልጅ ነበር፤ ሲያወራ በሁለት ስልክ፣ ሲበላ ቆሞ። እኔ የሞጣ ልጅ በመሆኔ፣ ከመጻፉ ሌላ የአገሩን ሰው ማግባባትም በእኔ ላይ ወደቀ።

ቢቸና ላይ ተዋናይ ስንመርጥ ከተማው እንዳለ ቀልድ ይዞ መጣ። እትዬ ጥሩወርቅን ያመጣቻቸው ጎረቤታቸው ናት፣ እየገፋች። ቀጭን፣ አጭር፣ ሃምሳን የተሻገሩ፣ መቀነታቸውን ጥብቅ አድርገው የሚታጠቁ ሴት ናቸው። ሄኖክ «እማማ፣ ቀልድ ይችላሉ?» አላቸው።

«ቀልድ እንኳ አልችልም» አሉ። «ሰውዬውን ማምጣት እችላለሁ።»

«የትኛውን ሰውዬ?»

«ልብሱን ስጡኝና ታያላችሁ።»

ጎረቤታቸው አስረዳችን። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ልብሱ ለቅሶ ላይ ይወጣል። ጋቢው፣ ኮቱ፣ ባርኔጣው ለዘመድ ይታያል፤ አልቃሿም እሱን እያነሳች ሙሾ ታወርዳለች። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ማሳየቱ አይበቃቸውም፤ ልብሱን ይለብሱታል። ለብሰውም ሟቹ ይራመድ እንደነበረው ይራመዳሉ፣ ይስል እንደነበረው ይስላሉ፤ ባይናቸው አይተውት የማያውቁትን ሰው ጭምር። የአዳራሹ ጥበቃ ይህን ሲሰማ ቆይቶ፣ ቤቱ ቅርብ ነበርና የሟች አባቱን ጋቢ አመጣ። እትዬ ጥሩወርቅ የጋቢውን ጫፍ ደጋግመው አሸተቱ። ከዚያ ተከናነቡና በወፍራም ድምፅ፣ «አንተ፣ ዛሬም ተገትረህ ልትውል ነው?» አሉት። እኛ ሳቅን። ጥበቃው ግን ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ሄኖክ እዚያው ቀጠራቸው።

አብረን ስንሠራ ጠባያቸውን እየለመድኩት መጣሁ። ጽሑፍ አይዙም። ሜካፕ አያስነኩም። ተራቸው እስኪደርስ ጥግ ይዘው ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ አንዳንዴም ያንቀላፋሉ። ቀልዴን ሳነብላቸው ዝም ብለው አድምጠው «ጨው አንሶታል» ይሉኛል፤ የጨመርኩበት ቀን ደግሞ «አሁንስ በዛ» ይሉኛል። እንዲህ ያለ ሃያሲ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም። ሄኖክ «እማማ» ሲላቸው ግን አይወዱም ነበር። «እናትህ አይደለሁም፤ እናትህ በሕይወት ካለች ስሟን ለሌላ አትስጥ» አሉት አንድ ቀን፣ ሳይቆጡ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ነገር አስቸገረን። ሄኖክ የቢቸናን የባጃጅ ሾፌሮች ተጠሪ እንዲያስመስሉለት ፈለገ፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ በአካሄዱ የሚሳቅበት ሰው ነው። ባርኔጣውንም ራሱ ሰውዬው እየሳቀ አዋሰን። እትዬ ጥሩወርቅ ባርኔጣውን አሸተቱ፣ ደፉት፤ እንደ ምሰሶ ቆመው ቀሩ። አንድ እርምጃ እንኳ እምቢ አላቸው። ሄኖክ ተበሳጨ።

«ምን ሆኑ? በየቀኑ የሚያዩት ሰው አይደል?»

«ራሱ እየኖረበት ነው» አሉና ባርኔጣውን መለሱለት። «እኔ የት ልግባ?»

ሁላችንም ሳቅን፤ እኔማ አባባላቸውን ለሌላ ጭውውት ብዬ ያዝኩት። ከዚያ ወዲያ ለእሳቸው የሚሆን ልብስ ከሞጣ ገበያ፣ አሮጌ ልብስ ከሚሸጥበት ተራ ይገዛ ጀመር። የአሮጌ ልብስ ባለቤት ማን እንደነበረ ማን ይጠይቃል? እኛም አልጠየቅንም። ስህተታችን እዚህ ላይ ነው።

የሞጣው ሁለተኛ ቅዳሜ ነበር። ጭውውቱ ስለ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሦስት ሠራተኞች ስልካቸው ላይ አፍጥጠዋል፣ አንድ ባለጉዳይ ሽማግሌ ይገባል፣ የሚያየው የለም። የሽማግሌው ኮት ቡኒ፣ ክርኑ ላይ ቀዳዳው በአረንጓዴ ክር የተጠቀመ። እትዬ ጥሩወርቅ ብብቱን አሸተቱት። ከወትሮው ቆዩ። «እትዬ ጥሩ፣ ደርሷል» ስላቸው፣ በመንገድ ላይ በሌላ ሰው ስም እንደ ተጠራ እንግዳ ዞረው አዩኝ። መድረኩ ላይ ሲወጡ ግራ እግራቸው እየተጎተተ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲገባ የተቀመጠው «ኖር» ብሎ ይነሳል፤ የገባው «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣል። ይኼ ሰውዬ ታዲያ ቀና ብሎ ያየው ሳይኖር፣ «በእግዜር፣ በእግዜር፤ ኧረ አትነሱ» እያለ ገባ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ያንን አልጻፍኩም። ቀጥሎ ኮሌታውን በአውራ ጣቱ እያሻሸ ክፍሉን ዞሮ አየና፣ «የሺ የለችም?» አለ። ይህም ጽሑፉ ላይ የለም። ጸሐፊ ሆና የምትጫወተው ልጅ ነቃ ያለች ስለነበረች «ስብሰባ ገብታለች» አለችው። «እንግዲያስ እጠብቃታለሁ» ብሎ ተቀመጠ፤ መብራቱ እስኪጠፋ ተቀምጦ ጠበቀ።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ምዕራፉ የዚያ ሰውዬ ሆነ። ከተማው ውስጥ ሰው ቡና ቤት ሲገባ «በእግዜር፣ ኧረ አትነሱ» ይላል። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ሰውዬው ብቅ ሲል ሕዝቡ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይል ጀመር። ሄኖክ በደስታ መሬት አልነካ አለ። እኔም የምጽፈው ለእሳቸው መሆኑ ቀርቶ ለሰውዬው እየሆነ መጣ። ሀሳቡን እሰጠዋለሁ፤ እሱ ግማሹን ትቶ የራሱን ይናገራል፤ በየሳምንቱም የሺን ይጠይቃል።

አንድ ምሽት የሆነውን ልንገራችሁ። ቀጥታ ስርጭት ይባል እንጂ ምስሉ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ባለችው ቴሌቪዥን ላይ የሚደርሰው ትንሽ ዘግይቶ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ከመድረክ ወርደው፣ ኮቱን አውልቀው፣ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ሰውዬው እግሩን እየጎተተ ገና ይሄዳል። የማሽኑ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። እሳቸው ቆሎአቸውን ይዘው አፍጥጠው አዩትና፣ «እኔ እዚህ ነኝ አይደል?» አሉኝ። እየቀለዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አልቀለዱም ነበር። «እዚህ ነዎት» አልኳቸው፤ እጄን ጨበጡኝና ሰውዬው ከቴሌቪዥኑ እስኪጠፋ ድረስ አልለቀቁኝም።

የሺ የመጣችው ከዚህ በኋላ፣ ሞጣ ላይ ነው። የሞጣው አዳራሽ ጥበቃ «ባሏን ፈልጋ የመጣች ሴት አለች» አለኝ። ከሠራተኞቻችን የአንዱ ሚስት መስላኝ ወጣሁ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ነጭ የለበሰች፣ ጸጉሯን በሥርዓት የተሠራች ሴት ናት። ዐይኗ ግን ከእኔ አልፎ እትዬ ጥሩወርቅ ክንድ ላይ የተንጠለጠለው ኮት ላይ ነበር። ሄዳ ክርኑን ዳሰሰችው።

«ይቺን የጠቀምኳት እኔ ነኝ» አለች። «ጥቁር ክር አልቆብኝ ነው።»

ባሏ ሞላ ይባላል። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ሲወርድ ያንን ኮት ለብሶ ነው የሄደው፤ ቆላ ነው ይሞቅሃል ብትለው «ሌሊት ይበርዳል» ብሎ። ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ደብዳቤም ስልክም የለም። እግሩን በልጅነቱ በሬ ረግጦት ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔም ያቺ የባርኔጣዋ ነገር ትዝ አለችኝ። በሕይወት ያለ ሰው አይወጣላቸውም።

የሺ ግን ሞቷል ወይ ብላ አልጠየቀችም። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣል?» ነው ያለችው።

ሄኖክ ቀድሞን ከኋላችን «እንዴታ! ቢቸና ነን፣ ይምጡ፣ ፊት ወንበር እንይዝልዎታለን» አላት።

መጣች። ከዚያ ወዲያ አንድም ቅዳሜ አልቀረችም፤ ፕሮግራሙ ቢቸና ሲሆን አውቶቡስ ተሳፍራ ትመጣለች። ፊት ወንበር ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ሕዝቡ «ኖር!» ብሎ ሲነሳ እሷም ትነሳለች፤ ሕዝቡ ሲስቅ እሷ አትስቅም። ሰውዬውም ስለ የሺ መጠየቁን ተወ። ገብቶ ፊት ወንበሩን አንዴ ያያል፤ ከዚያ በኋላ እንደልቡ ይጫወታል። ይህን ያስተዋልነው እኔና ካሜራ ሠራተኛው ነን፤ እሱም ከእኔ ጋር ስለዚህ ነገር ማውራት አልፈለገም።

አንድ ቀን ወንበሯ አጠገብ ተቀምጬ፣ «እንደው የት እንዳለ አጠያይቀሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አልጠይቅም» አለች። «ከጠየቅሁ ይነግሩኛል።»

ሰው ስንት ዓመት ሙሉ በዚህች ሀሳብ ላይ ተደግፎ ሊኖር እንደሚችል ያን ቀን ገባኝ፤ አሳዘነችኝም፣ አስፈራችኝም።

ነገሩ እየባሰ ሄደ። የሺ ቤቷን አስለቀለቀች። ለጎረቤት ሁሉ «ሞላ ቴሌቪዥን ሥራ ይዟል፤ ለፋሲካ ቤቱ ይገባል» አለች። ጌሾ ወቀጠች፣ ጠላ ጠመቀች። የኔ እናት እንኳ ደውላ «እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች። በሌላ በኩል እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። መጀመሪያ ሰሞን ኮቱ ሲወልቅ ሰውዬውም አብሮ ይወልቅ ነበር። ኋላ ግን ከመጋረጃው እስከ በሩ፣ ከዚያም እስከ መኪናው እግራቸውን መጎተት ጀመሩ። ቆሎ ተዉ። ኮሌታ የሌለው ቀሚሳቸውን ባውራ ጣታቸው ሲያሻሹ አየኋቸው።

የመጨረሻው ፕሮግራም ሊደርስ ሲል ቢቸና ቤታቸው ድረስ አስጠሩኝ።

«ስማ ልጄ» አሉኝ። «እኔ እድሜዬን ሙሉ ለቅሶ ላይ ቆሜአለሁ። መርዶ ማለዳ ነው፤ ሽማግሌ አለበት፣ ዘመድ አለበት፣ የነፍስ አባት አለበት። ለዚህች ልጅ ግን በሳቅ ተነገራት። በሕዝብ ፊት፣ በጭብጨባ። ያረዳኋትም እኔ ነኝ።»

«አላወቁም'ኮ እትዬ ጥሩ።»

«እሱም መሞቱን አላወቀም። አልተለቀሰለትማ። ያልተለቀሰለት ሰው ወዴት ይሄዳል? የሚጠሩት ቦታ ይመጣል እንጂ። እናንተ ደግሞ በየሳምንቱ ኖር ትሉታላችሁ።»

ማስረጃችን አንድ ኮት ነው፤ በኮት ብቻ መርዶ አይነገርም ብዬ ተከራከርኩ። ሄኖክም የመጨረሻውን ፕሮግራም በሙሉ በሰውዬው ላይ እንደጣለው ነገርኳቸው። «ሞጣን የምታውቅ አንተ ነህ። ዘመዶቹን ፈልግልኝ» አሉኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ሲሸኙኝ በግቢው ውስጥ እግራቸው መሬቱን ሲፍቅ እየሰማሁ ነበር።

የሞላን ወንድም አገኘሁት። እንዴት እንደምጀምርለት ግራ ገብቶኝ ስለ ኮቱ ማውራት ስጀምር እጁን አንስቶ አስቆመኝ። «አውቃለሁ» አለ። «ከመተማ የተመለሰ ሰው ነግሮኛል፤ በሄደበት ክረምት ወባ ነው የጣለው። ልነግራት ስንት ማለዳ ከቤቴ ወጥቼ ከበሯ ተመለስኩ። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ መቆየቱ ራሱ አሳፈረኝ። ቴሌቪዥኑን ሳይማ፣ በድንጋጤ ሚስቴን አጥፊው አልኳት።»

መርዶው የተነገረው በመጨረሻው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ወንድሙ፣ የነፍስ አባቷና ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ፤ እኔና እትዬ ጥሩወርቅ ደጅ ቆምን። እሳቸው ኮቱን ይዘውት መጥተዋል፤ ከአልባሳት ሳጥኑ ሲያወጡት ሄኖክ «የጣቢያው ንብረት ነው» ቢላቸው «የባለቤቱ ነው» ብለውት ወጡ። ከቤት ውስጥ ጩኸት ጠበቅን። ጩኸት አልመጣም። ወንድሙ ወጥቶ፣ «አታለቅስም። ዛሬ ቅዳሜ አይደል፣ ማታ ይመጣል ነው የምትል» አለን።

የዚያን ማታ ፕሮግራም በአጭሩ ልናገር። ያለ እሳቸው ተላለፈ፤ ሕዝቡ «ኖር!» እያለ ጠራ፣ ማንም አልወጣም። ሄኖክም ይቅር አላላቸውም።

ለቅሶው ግን በዚያው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳስ ውስጥ ተጀምሮ ነበር። ሰው ይመጣል፣ ያለቅሳል፤ የሺ ደረቅ ዐይኗን እያንከራተተች ትቀመጣለች። ሰዉም ከሐዘን ይልቅ ፍርሃት ይዞት እርስ በርሱ ይተያያል። በመጨረሻ እትዬ ጥሩወርቅን በእጇ ጠራቻቸው።

«ይልበሱት» አለች። «ከመጣ አልሞተም። ይልበሱትና እንየው።»

እትዬ ጥሩወርቅ ኮቱን ለበሱ። የዚህን ጊዜ አላሸተቱትም። ሁለት ወጣቶች ከንፈራቸው ለሳቅ ሲላወስ አየሁ፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው። የሺ ተነስታ ቆመች። እትዬ ጥሩወርቅም ከዳሱ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ተራመዱ። ቀጥ ብለው። አንዲት አጭር፣ ቀጭን ሴት የወንድ ኮት ለብሳ ስትሄድ፤ ከዚህ በቀር ምንም አልነበረም።

የሺ እግራቸውን እያየች ጠበቀች። ደርሰው ሲመለሱም እግራቸውን አየች።

«የታለ?» አለች።

«የለም የኔ እመቤት» አሏት በራሳቸው ድምፅ። «ሞላ የለም።»

ያኔ ጮኸች። የዓመታቱ ሁሉ ለቅሶ ነበር፤ ደረቷን ስትመታ ሴቶቹ ተረባርበው ያዟት፤ ዳሱ ሙሉውን አብሯት ነደደ። ወንድሙ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ሞጣ ላይ አልሰማሁም፤ ደግ ለቅሶ ነበር።

እኔ ግን የቆምኩት ከእትዬ ጥሩወርቅ በስተጀርባ ነው። ሕዝቡ ከፊት ያላየውን አየሁ። ግራ ጉልበታቸው ከቀሚሱ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። የእግራቸው ጣቶች መሬቱን ቆንጥጠው ይዘዋል። ኪሳቸው ውስጥ ያለው እጃቸው ጭናቸውን ጨብጦ፣ አንገታቸው ላይ ላብ ይወርዳል። ያን ሁሉ ወራት አብረን ስንሠራ አንድም ቀን ሲተውኑ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ተወኑ።

ኮቱን አውልቀው አጣጠፉና ለወንድሙ ሰጡት። መኪናው ወደ ቆመበት አብረን ወጣን። ሰው ከማያየን ቦታ ስንደርስ ትከሻዬን ያዙና ቀስ አሉ፤ ግራ እግራቸው ከኋላ ቀርቶ እየተጎተተ ነበር።

«እትዬ ጥሩ፣ ሰጡት'ኮ» አልኳቸው።

«የተቀበሉኝ ኮቱን ብቻ ነው» አሉኝ።